የሚርበን ሌላ ነገር፦ የግል ፍላጎትን ስለማወቅና ስለ ስሜት መረጋጋት

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ የንግግር መርሐ ግብር ላይ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ)



ወደ ርእሳችን ከመግባቴ በፊት የምንገኝበትን ሥፍራ ስም ላስታውሳችሁ። ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ከሚያስተላልፍ የሬዲዮ ጣቢያ ነው። ሽቦ ሳይዘረጋ፣ ምሰሶ ሳይተከል ቃል በአየር ሲጓዝ ያዩ ሰዎች የንፋስ ስልክ አሉት፤ ስሙም ለሰፈሩ፣ ከዚያም ለክፍለ ከተማው ተረፈ። ዛሬ በዚሁ ክፍለ ከተማ፣ በጀሞም በሉት በጎፋ፣ በላፍቶም በሉት በለቡ፣ ሁለት ቤተሰቦች በአንድ የብሎኬት ግድግዳ ብቻ ተለያይተው ይኖራሉ። በአንደኛው ቤት ሰው ቢከፋው ግን ግድግዳውን አልፎ የሚሄድ ወሬ የለም። ላነሣው የመጣሁት ጉዳይ ከዚህ ይጀምራል።

በ2003 ዓ.ም. ከእናቴ ጋር ከመሐል ከተማ ወደ ጀሞ ተዛወርን። የቀድሞው ቤታችን ከአምስት ቤተሰብ ጋር በአንድ ግቢ የምንጋራው የቀበሌ ቤት ነበር። ያንን ግቢ ገነት አድርጌ ልስልላችሁ አልፈልግም። ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ መጸዳጃ ቤቱ አንድ ነበር፤ የውሃ ወረፋው ያጣላ ነበር። አዲሱ ቤት የራሱ ውሃ፣ የራሱ መጸዳጃና የሚቆለፍ በር ነበረው። በ1997ቱ ምዝገባ ስማቸውን አስመዝግበው ለዓመታት ዕጣ የጠበቁ ሰዎች ያ ቁልፍ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። እናቴ ቁልፉን ስትቀበል እልል ብላለች።

ሦስተኛው ወር ላይ «ሆዴን ያመኛል» ማለት ጀመረች። ሐኪም ዘንድ ሄደን ጨጓራ ነው ተባለ፤ መድኃኒት ወሰደች። ሕመሙ አልተዋትም። ምርመራው ተደገመ፤ ጎላ ያለ ነገር አልተገኘም። ምግብ ቀነሰች፤ ሌሊት እየነቃች በረንዳው ላይ ትቆም ጀመር። እኔ በዚያን ጊዜ በትምህርት ሥነ ልቡና የዶክትሬት ጥናቴን በማጠናቀቅ ላይ ነበርሁ። ብትስቁብኝ አልቀየምም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ስገባ እናቴ ቡና አፍልታ፣ ረከቦቱ ላይ ስድስት ሲኒ ደርድራ፣ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘኋት። «እማዬ፣ ስድስቱ ሲኒ ለማን ነው?» አልኋት። «እጄ ለምዶ ነው» አለችኝ።

ስለዚህ መልስ ለብዙ ዓመታት አስቤያለሁ። በቀድሞው ግቢ እናቴን «ምን ያስፈልግሻል?» ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ መጠየቅም አላስፈለገም። ጠዋት ከማዕድ ቤቷ ጭስ ካልወጣ ጎረቤት «ምነው፣ ደኅና አደርሽ?» እያለ ይገባል። ቡና ሲቆላ ሽታው ራሱ ጥሪ ነው፤ ካልበቃም ልጅ ይላካል። ፍላጎቷ ስም ከማግኘቱ በፊት ይሟላ ነበር። ስለዚህ ዕድሜዋን ሙሉ «ሰው ያስፈልገኛል» ብላ ተናግራ አታውቅም። የሚናገርላት ግቢው ነበር። ግቢው ሲቀር የቀራት የሆዷ ቋንቋ ብቻ ሆነ።

እዚህ ላይ እናቴ አልዋሸችም። በአማርኛ ሆድ የምግብ ማረፊያ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል፤ ሰው ሆደ ሰፊ ወይም ሆደ ባሻ ይሆናል፤ ወዳጆች ሆድ ለሆድ ይነጋገራሉ። አንጀትም እንዲሁ ይቃጠላል፣ ይርሳል። የዓለም የጤና ድርጅት ያዘጋጀውና በአገራችንም፣ ለምሳሌ በቡታጅራ በተካሄዱት የአእምሮ ጤና ጥናቶች፣ ሥራ ላይ የዋለው ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ ስለ ኀዘንና ስለ ፍርሃት ብቻ አይጠይቅም። ራስ ምታት ያስቸግርህ እንደሆነ፣ ምግብ አልፈጭ ይልህ እንደሆነ፣ ሆድህ አካባቢ ደስ የማይል ስሜት ይሰማህ እንደሆነ ይጠይቃል። የተከፋ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ሐኪም የሚሄደው ሆዱን ይዞ መሆኑን የመጠይቁ አዘጋጆች ያውቁ ነበር።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ የሰዋስው ነገር ልጨምር። «በላሁ»፣ «ሄድሁ»፣ «ጻፍሁ» ስንል አድራጊዎቹ እኛ ነን። «ራበኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «በረደኝ» ስንል ግን ነገሩ በእኛ ላይ የሚደርስ ነው፤ እኛ ተቀባዮች ነን። አሁን «ከፋኝ»፣ «ጨነቀኝ»፣ «ሰለቸኝ»፣ «ደበረኝ» በሉ። የግሱ አሠራር ያው የ«ራበኝ» ነው። ቋንቋችን መከፋትን ከረሃብ ጋር በአንድ መደብ አስቀምጦታል። እኛ ግን ሁለቱን በአንድ ዓይን አናያቸውም። «ራበኝ» ላለ ልጅ እንጀራ ይቀርብለታል፤ «ከፋኝ» ላለው «ቻለው፤ ወንድ አይደለህ?» ይባላል። ረሃብን የሰውነት ጥያቄ፣ መከፋትን የጠባይ ጉድለት እናደርገዋለን።

የሥነ ልቡና ሊቁ ጆን ካሲዮፖ ብቸኝነት እንደ ረሃብና እንደ ጥም ያለ የሰውነት ምልክት ነው ሲሉ ለዓመታት ተከራክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ሊቪያ ቶሞቫና ባልደረቦቿ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያደረጉት ጥናት ይህንን በአንጎል ላይ ፈትሾታል። 40 ጤነኛ ሰዎች አንድ ቀን ለ10 ሰዓት ከሰው ተለይተው፣ ሌላ ቀን ለ10 ሰዓት ከምግብ ተከልክለው ዋሉ። ከዚያ በኋላ የሰዎችና የምግብ ሥዕል ሲያዩ አንጎላቸው ተመረመረ። የተራበው ሰው ምግብ ሲያይ፣ ብቻውን የዋለው ደግሞ ሰዎች አብረው ሲጫወቱ ሲያይ፣ በመካከለኛው አንጎል ያለው አንድ ክፍል በተመሳሳይ መንገድ ምላሽ ሰጠ። እንግዲህ 10 ሰዓት ብቻ ነው። እናቴ ሦስት ወር ቆይታለች። ረሃቡም ቢቆይ ዋጋ አለው፤ ጁሊያን ሆልት-ሉንስታድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 148 ጥናቶችን፣ ከ300,000 የሚበልጡ ሰዎችን አጠቃልለው ሲመረምሩ፣ ጠንካራ ማኅበራዊ ትስስር ያላቸው ሰዎች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከሌሎቹ በ50 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

እናቴ እንዴት እንደዳነች ሳልነግራችሁ ባልፍ ታዝኑብኛላችሁ። ያዳናት ልጇ ዶክተሩ አይደለም። ምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት እናት ከደረጃው ሥር ካለችው ባዶ ቦታ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው እሑድ እሑድ ቡና ማፍላት ጀመሩ። የኮንዶሚኒየሞቹ ንድፍ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ኮሙናል የሚባል ቤት አስቦ ነበር፤ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ በግ የሚታረድበት። በእኛ ብሎክ አጠገብ ያለው ተከራይቶ ነበርና ደረጃው ሥር ተበቃቁ። እናቴ መጀመሪያ «ሳልጠራ?» ብላ እንቢ አለች። ሴትዮዋ አራተኛ ፎቅ ድረስ በጉልበታቸው ወጥተው፣ በር አንኳኩተው፣ «በሞቴ» አሉ። የሆድ ሕመሙ በአንድ ቀን አልጠፋም፤ የጨጓራውንም መድኃኒት አላቆመችም። ከወራት በኋላ ግን ስለ ሆዷ ማውራቷን ትታ ስለ ሦስተኛ ፎቅ ሰዎች ማውራት ጀመረች፤ ይህን እንደ ፈውስ ምልክት ወስጄዋለሁ።

የዚምባብዌው የአእምሮ ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ የጀመሩት «የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር» የሚባለው ሥራ ይህንን ይመስላል። በጤና ጣቢያዎች ግቢ ውስጥ ወንበር ላይ የሚቀመጡ፣ የሠለጠኑ አያቶች የተጨነቀ ሰው ያዳምጣሉ፤ ችግሩን አንድ በአንድ እንዲለይም ያግዙታል። በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት፣ በስድስት ወር ውስጥ የእነዚህ ሰዎች የድባቴና የጭንቀት ምልክት ከተለመደው ክትትል ካገኙት ይልቅ በጉልህ መቀነሱን አሳይቷል። ሾናዎች ሕመሙን የሚጠሩት «ሐሳብ ማብዛት» በሚል ትርጉም ባለው ቃል ነው። እኛም «ሐሳብ ገብቶታል» እንላለንና መንገዱ ሩቅ አይደለም።

አሁን ወደ ንድፈ ሐሳቡ ልግባ። አብዛኞቻችሁ የአብርሃም ማዝሎን ፒራሚድ በመጀመሪያ ዓመት ተምራችኋል፦ ከታች ምግብና እንቅልፍ፣ ከዚያ ደኅንነት፣ ከዚያ ፍቅርና ወገንተኝነት፣ ከዚያ ክብር፣ ከላይ ራስን እውን ማድረግ። ማዝሎ እ.ኤ.አ. በ1943 የፍላጎቶችን ቅደም ተከተል ጻፈ፤ ፒራሚዱን ግን የሳሉት ከእርሱ በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው። እርሱም ቅደም ተከተሉ ግትር እንዳልሆነ ተናግሯል። እኛ ደግሞ ሥዕሉን ብቻ ወርሰን «መጀመሪያ ሆድ ይሙላ፣ ሌላው ይደርሳል» እንላለን።

የእድር ሰብሳቢ የሆነ ሰው ይህን አባባል እንዲያምን አልጠብቅም። ዘይትና ስኳር ከወር ወር የማይደርስላት እናት የእድር መዋጮዋን አታስቀርም። ከወርሃዊ ገቢዋ ላይ መጀመሪያ የምታነሣው እርሱን ነው። ለምን ቢባል «ሲሞቱ የሚቀብር ይኖራል» ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን እኔ ለዓመታት በእድር ስብሰባ ላይ እንዳየሁት የምትከፍለው ለቀብሯ ብቻ አይደለም። ስሟ በመዝገብ ላይ እንዲጠራ፣ ስትቀር «የት ሄደች?» እንድትባል ነው። በማዝሎ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ያለው ፍላጎት በእርሷ ቤት ከመጀመሪያው ጋር ይጋፋል። በፒራሚዱ ላይ ያለኝ ዋነኛ ቅሬታ ይህ ነው፤ ፈተና ላይ ግን አሁንም እጠይቀዋለሁ።

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን ደረጃውን ትተው ሦስት መሠረታዊ የሥነ ልቡና ፍላጎቶችን ያስቀምጣሉ፦ ከሰው ጋር መዛመድ፣ የያዙትን ሥራ እንደሚችሉት መሰማት፣ የገዛ ሕይወትን በገዛ ፈቃድ መምራት። ሦስተኛው በእኛ ዘንድ ይጠረጠራል። «ይህ የፈረንጅ ነው፤ እኛ የጋራ ሕዝብ ነን» ይባላል። ቫለሪ ቺርኮቭና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 በደቡብ ኮሪያ፣ በሩሲያ፣ በቱርክና በአሜሪካ ተማሪዎች ላይ ያወጡት ጥናት ግን በገዛ ፈቃድ መኖር ማለት ለብቻ መኖር እንዳልሆነ ያስረዳል። ወላጁን የሚጦር ልጅ አምኖበት ከጦረ በፈቃዱ ይኖራል፤ ለይሉኝታ ብሎ ብቻ ከጦረ ግን ያንኑ ሥራ እየሠራ ይደክማል።

ይህንን ዘግይቼ የተማርሁት ከአንድ ተማሪዬ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ቢሮዬ መጥቶ «መምህር፣ ደብሮኛል» አለኝ። የጊዜያችሁ ቃል ነው፤ ፈተና ሲከብድ ደበረኝ፣ ጓደኛ ሲሄድ ደበረኝ፣ ዝናብ ሲዘንብ ደበረኝ። «አይዞህ፣ በርታ፣ ያልፋል» አልሁት። አመስግኖኝ ወጣ። በሁለተኛው ሳምንት ትምህርቱን አቋርጦ ሄደ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በአጋጣሚ ተገናኘን። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ «ያን ቀን ምን እንደሆንህ ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር» አልሁት። መልሱ አላጽናናኝም። «ቢጠይቁኝም አልመልስም ነበር፤ እኔም አላውቀውም ነበራ» አለኝ። ቆይቶ የገባው ነገር ይህ ነው፦ የተመደበበትን የትምህርት ክፍል አልመረጠውም ነበር። አባቱ ተደስተው ለዘመድ ሁሉ ነግረው ነበርና ለመቀየርም አፍ አላወጣም። ሰው ሞልቶለት ነበር፤ ጎበዝ ተማሪም ነበር። የጎደለው ሦስተኛው ነው። እርሱ «ደበረኝ» ከሚለው ቃል ውጪ ስም አልነበረውም፤ እኔም ቃሉን ከፍቼ አላየሁለትም።

ስለዚህ ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። ያደግንበት ባህል የሰውን ፍላጎት የሚያነበው ከውጭ ነው። እንግዳ «በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል፤ ባለቤቷ አታምነውም፣ «በሞቴ» ትላለች፤ ጉርሻው ይከተላል። እንግዳው ራበኝ ሳይል ይጠግባል። ይሉኝታ የቆመው በዚህ ውል ላይ ነው፦ እኔ አልናገርም፣ አንተ ታውቅልኛለህ። ጥሩ ውል ነበር። ነገር ግን በውሉ ሌላኛው ወገን ያለው ጎረቤት ወደ ሌላ ኮንዶሚኒየም ተዛውሯል፣ ወይም ማታ በሦስት ሰዓት ደክሞት ይገባል፣ ወይም ስማችንን አያውቅም። እኛ ግን ዝም የማለቱን ድርሻችንን እየተወጣን እንገኛለን። ያ የማንበብ ሥራ ቢያንስ በከፊል ወደ ራሳችን ተላልፏል፤ ማንም ግን አላስተማረንም።

እንዴት ይለመዳል? የራሴን ልንገራችሁ። ከተማሪዬ ጋር ከተገናኘሁ በኋላ ለሁለት ወር ማታ ማታ በአንድ ደብተር መጻፍ ጀመርሁ። ደንቡ ቀላል ነበር፦ «ደበረኝ» እና «ተናደድሁ» የሚሉት ቃላት ክልክል ናቸው። ሌላ ቃል ማግኘት አለብኝ። ቅር አለኝ ነው? ተናቅሁ ነው? ባይተዋር ሆንሁ ነው? ታከተኝ ነው? ሰጋሁ ነው? ከዚያ አጠገብ ከስሜቱ በፊት ባሉት ሰዓታት የሆነውንና ያልሆነውን እጽፋለሁ።

ውጤቱ ትንሽ አሳፍሮኛል። በዚያ ወቅት ቤት ገብቼ በልጆቼ ላይ የምጮኸው «ሥርዓት ስለጎደላቸው» ይመስለኝ ነበር። ደብተሩ እንደሚለው ከጩኸቴ ግማሽ ያህሉ ምሳ ያልበላሁባቸው ቀናት ላይ ወድቋል። የዶክትሬት ዲግሪ ያለው ሰው ረሃቡን የልጆቹ ጥፋት ሲያደርገው አስቡ። ሁለተኛው ግኝት ጸጥታ ነው። ከክፍል ወደ ስብሰባ፣ ከስብሰባ ወደ ታክሲ ሰልፍ በሄድሁባቸው ቀናት፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ ብቻዬን ካልተቀመጥሁ፣ ማታ ሰው ሁሉ ያስጠላኛል። ይህ ከዴሲና ከራያን ሦስቱ ውስጥ የለም። እናቴን ያሳመማት እኔን ያድነኛል፤ ስለዚህ ፍላጎቱን «የግል» ማለታችን አለምክንያት አይደለም።

ሦስተኛው ያልጠበቅሁት ነው። የእድራችን ስብሰባ ባለበት እሑድ ላለመሄድ ሰበብ እፈልጋለሁ። በደብተሩ ላይ ግን ከስብሰባው በተመለስሁባቸው፣ በተለይም ለቅሶ ቤት ድንኳን ተክለን በተመለስንባቸው ቀናት፣ «ደኅና ተኛሁ» የሚል ተጽፏል። ያማረኝ መቅረት ነበር፤ ያስፈለገኝ መሄድ። «ፍላጎት» በምንለው አንድ ቃል ውስጥ እነዚህ ሁለቱ ተደባልቀው ይኖራሉ። በማግስቱ ምን ተሰማኝ ብሎ ካልጻፉት በስተቀር ለመለየት ያስቸግራሉ።

ወጣት ባልደረቦቼ ይህን ንግግር ሲያነቡ አንድ ነገር እንዳነሡብኝ ላልሸሽግ። «ሰው ቤቱ ፈርሶበት፣ በጦርነት ተፈናቅሎ፣ ደመወዙ ቤት ኪራይ አልሸፍን ብሎት ሳለ ደብተር ያዝ ትለዋለህ?» አሉኝ። ትክክል ናቸው። ብዙ የሚጎድሉን ነገሮች መጉደላቸውን ስላላወቅን የጎደሉ አይደሉም፤ እያወቅናቸው የጎደሉ ናቸው። ደብተሩ ቤት አይሠራም። የጎደለውን የሚያውቅ ሰው ግን ቢያንስ በተሳሳተ በር ላይ አያንኳኳም፤ እናቴ ሦስት ወር ያንኳኳችው የጨጓራን በር ነበር። ሰፈር ሲነሣ ቤቱን ብቻ ቆጥረን ቡናውንና እድሩን ሳንቆጥር የምንቀረውም ከዚሁ አለማወቅ ነው፤ ይህን የምለው የከተማ ፕላን ለሚያጠኑትም ነው።

ደብተር የማይበቃበትንም ልናገር። ኀዘኑ ወይም የነገሮች ሁሉ ጣዕም ማጣት ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቀን በቀን ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ይልቁንም ሞትን መመኘት ከመጣ፣ ጉዳዩ የባለሙያ ነው። አማኑኤል የሚለውን ስም በቀልድ የሚያነሣ ሰው አሁንም በመካከላችን አለ። የአማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሐኪሞች ከሌሎች ሐኪሞች የሚለዩት በሚያክሙት ሕመም ብቻ ነው። በሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች አሉ። ለጓደኛችሁ አብሬህ ልሂድ ማለት «አይዞህ» ከማለት ይበልጣል፤ እኔ ያን ቀን አላልሁትም።

ቢሮዬ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክፍት ነው። «ደብሮኛል» የሚለውን ቃል አሁንም እቀበላለሁ፤ ግን ወንበር እስባለሁ፣ ሌላ ቃል እስክናገኝም እንቆያለን። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ። አዳራሹን በአሥራ ሁለት ሰዓት ማስረከብ ስላለብን ያልተመለሰው ከበሩ ውጪ ይቀጥላል፤ ቡና ተፈልቷል።